ጣውላ በስሙ አይገዛም

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ጽሑፍ በስልክ መዘዋወር ጀመረ። ሦስት ደንበኞቼ ለየብቻ ላኩልኝ። ለቤት ዕቃ የሚሆን ብርቅ ጣውላ እንዴት እንደሚመረጥና ዋጋው እንዴት እንደሚመዘን የሚያስረዳ ነው። ከሦስቱ አንዷ ጽሑፉን አንብባ መርካቶ ሄደች። ጠረጴዛ ልሠራላት ተስማምተን ነበር። ተመልሳ የመጣችው ከባድ፣ ጥቁር፣ ጉጥ የሌለበት፣ ውድ የዋንዛ ጣውላ አስጭና ነው። ጽሑፉ የጠየቀውን ሁሉ ያሟላል። እኔ ግን ልሠራበት አልቻልኩም።

ይህን ምላሽ የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ላሉ ገዢዎች ነው። እኔ አናጢ ነኝ። ወርክሾፔ ከፒያሳ ወደ ሰባራ ባቡር በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ገዢ እንዳይታለል ፈልገዋል። ምክራቸውን ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ግን የባሰ ይታለላል።

ላላነበበው ሰው ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። ከባድ ጣውላ ጥሩ ጣውላ ነው ይላሉ። ጥቁር ቀለም የብስለት ምልክት ነው። ጉጥ ያለበትን አትንኩ። ዋጋውን በሜትር ኩብ አስሉ። ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት ለማገዶ ነው። በመጨረሻም፣ አገር በቀል ዛፍ እየጠፋ ስለሆነ ከአሁኑ ገዝታችሁ አስቀምጡ፣ እንደ ወርቅ ዋጋው ይጨምራል ይላሉ። «የዛፉን ስም ሳትጠይቁ ገንዘብ አታውጡ» ማለታቸው ልክ ነው። በዚህ እስማማለሁ። በሌላው አልስማማም።

ከክብደቱ ልጀምር። ሰውን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እሱ ነው።

እስቲ ዋንዛን አስቡት። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤተሰብ «እውነተኛ እንጨት» ሲል ብዙ ጊዜ ዋንዛ ማለቱ ነው። ቡፌው ዋንዛ፣ በሩ ዋንዛ፣ ቁምሳጥኑ ዋንዛ። ከበሮም ከእሱ ይቦረቦራል። ታዲያ ዋንዛ ሲደርቅ ቀላል እንጨት ነው። አንድ ሜትር ኩቡ 500 ኪሎ ገደማ ነው። ባሕር ዛፍ ከእሱ ይከብዳል። በጸሐፊው ሚዛን ከሄድን የባሕር ዛፍ ጣውላ ከዋንዛ ሊበልጥ ነው። ባሕር ዛፍ የሠራበት ሰው ግን ጠባዩን ያውቀዋል። ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ዋንዛ የተወደደው ለመጋዝና ለመላጊያ ስለሚታዘዝ ነው። ከደረቀ በኋላም ቅርጹን ይጠብቃል።

ክብደት የሚጠቅመው ሥራው ሲፈልገው ነው። ወይራ ሜትር ኩቡ ከ900 ኪሎ ያልፋል። ለእጀታ፣ ለትንንሽ ቅርጽ ሥራ ወደር የለውም። ዞጲ የሚባለው ጥቁሩ የቆላ እንጨት ውኃ ውስጥ ይሰጥማል፤ ፈረንጆቹ ክላሪኔት ይሠሩበታል። ከዞጲ የቁምሳጥን በር ብሠራ ግን ማጠፊያውን ገንጥሎ ይወድቃል።

ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው። ጣውላው የከበደው በውኃ ሊሆን ይችላል።

ይህን የተማርኩት ሰው አሳዝኜ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ ቡፌ አዘዙኝ። ጊዜው ነሐሴ ነበር። ጣውላውን የሸጠልኝ ነጋዴ «ሁለት ዓመት የተቀመጠ ነው» ብሎ ማለልኝ። ሳነሳው ከበደኝና ደስ አለኝ። ሙሉ እንጨት መሰለኝ። ሠራሁት፣ ቫርኒሽ ቀባሁት፣ መስከረም ላይ አስረከብኩ። ጥር ሲገባ እናትየው ደወሉ። «ልጄ፣ ሌሊት ጧ ብሎ ጮኸ። ሌባ የገባ መስሎን ሁላችንም ተነሳን» አሉኝ። ሮጬ ሄድኩ። የቡፌው ጎን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ለሠርጉ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። በራሴ ወጪ እንደገና ሠራሁት። የእኚያ እናት ፊት ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት ውኃ የሚይዘው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ጥቃቅን ባዶ ቧንቧዎቹ ውስጥ ነው። ሁለተኛው የቧንቧዎቹ ግድግዳ ራሱ የጠጣው ነው። የቧንቧው ውኃ ሲወጣ ጣውላው ይቀላል እንጂ አይጠብም። እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ግን ግድግዳው መድረቅ ይጀምራል። መጥበቡም ያኔ ይጀምራል። በርዝመቱ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለም። በስፋቱ ነው የሚጠበው። ያውም እኩል አይደለም። በግንዱ የዕድገት ቀለበቶች ዙሪያ የሚጠበው ከግንዱ እምብርት ወደ ቅርፊቱ ከሚጠበው እጥፍ ያህል ነው። ጣውላ የሚጣመመው በዚህ ልዩነት ነው።

በቁጥር እንየው። ከእርጥብ እስከ ድርቅ እስኪል በስፋቱ 8 በመቶ የሚጠብ እንጨት አለን እንበል። በ20 በመቶ እርጥበት ሠራንበት። ሳሎን ውስጥ ቆይቶ ወደ 10 በመቶ ወረደ። 40 ሳንቲም ስፋት ያለው የቡፌ ጎን ከ1 ሳንቲም በላይ ይጠባል ማለት ነው። በኮላና በምስማር ጠፍረን ከያዝነው ያ አንድ ሳንቲም መሄጃ የለውም። ስለዚህ ይሰነጠቃል። ከተማችን ደግሞ ለዚህ አትመችም። ክረምቱን አየሩ ራሱ ውኃ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደረቁ ነፋስ ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ የተሠራ ዕቃ የሚፈተነው ያኔ ነው።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይባላል። የተጣመመን ለማቃናት እውነት ነው። ለቡፌ ግን እርጥቡን አትንኩት።

እርጥበቱ እንዴት ይታወቃል? ሁለት ሹል ጫፍ ያለው፣ ኪስ የሚገባ መለኪያ አለ። እሱ ከሌለ የኩሽና ሚዛንና ምድጃ ይበቃል። ከጣውላው ትንሽ ቁራጭ ውሰዱ። ከጫፉ አይሁን፤ ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይዋሻችኋል። 30 ሳንቲም ያህል ገባ በሉ። መዝኑት። 120 ግራም ሆነ እንበል። ከ100 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ሙቀት አድርቁት፤ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ደጋግማችሁ መዝኑት። 96 ግራም ላይ ቆመ። የወጣው ውኃ 24 ግራም ነው። 24ን የምታካፍሉት ለደረቁ ክብደት፣ ለ96 ነው። 25 በመቶ ይመጣል። ለ120 ያካፈለ ሰው 20 በመቶ ብሎ ይሳሳታል። እኔ ለሳሎን ዕቃ ከ8 እስከ 12 በመቶ ባለው ብቻ እሠራለሁ።

ገበያ ላይ ቆማችሁ ምድጃ አታገኙም። ያኔ ጣውላውን ወደ ጉንጫችሁ አስጠጉት። እርጥቡ ይቀዘቅዛል። በጣታችሁ አንኳኩት። ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ ድፍን ያለ ነው። ይህ ግምት ነው፣ ልኬት አይደለም። ቢሆንም «ደርቋል» ከሚል መሐላ ይሻላል።

ወደ ቀለም ልለፍ። «ጥቁር የሆነው የበሰለ ነው» ይላሉ። ዝግባ በተፈጥሮው ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። በዚህ ሚዛን ዝግባ ዕድሜ ልኩን ጥሬ ሊባል ነው። ዝግባ ላይ ጠቆር ያለ፣ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ጥላ ካያችሁ ደግሞ ብስለት አይደለም። እርጥብ ሆኖ ተከምሮ ሻጋታ ገብቶበታል።

የደንበኛዬን ጣውላ በቢላ ጫፍ ፋቅ አደረግኩት። ጥቁሩ ቀለም ተላጠ። ከሥሩ በአንድ ጎን 4 ሳንቲም የሚሆን ነጭ ክፍል ወጣ። «ሙሉ በሙሉ የዋንዛ ልብ ነው» ተብሎ ነበር የተሸጠላት። የዋንዛ ልብ፣ ማለትም የግንዱ የውስጥ ክፍል፣ ወደ ቀይ ቡና የሚሄድ ነው፤ በቅርፊቱ በኩል ያለው ነጣ ይላል። ነጩ ክፍል ቀለሙ ብቻ አይደለም ችግሩ። ስኳርና ስታርች ስላለበት ነቀዝ የሚወደው እሱን ነው። ጥቃቅን ክብ ቀዳዳና ዱቄት የመሰለ ብናኝ ካያችሁ ያ ጣውላ ወደ ቤታችሁ አይግባ። ሌላውንም ዕቃ ሊያስበላ ይችላል። ስለዚህ ስለት ያዙ። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ጥጉን ፋቁ። አሽቱት። ጥድ ከሆነ ሽታው ራሱ ይነግራችኋል። ጥግ ላይ ትንሽ ፋቅ ማድረግን የሚከለክል ሻጭ ዘንድ መቆም አያስፈልግም።

ስለ ጉጥ ብዙ አልልም። ሁለት ዓይነት ጉጥ አለ። ከእንጨቱ ጋር አብሮ ያደገ፣ ዙሪያውን ያልተከፈተ ጉጥ የትም አይሄድም። የደረቀ ቅርንጫፍ ትቶት የሄደው፣ ዙሪያው ጥቁር ክብ የሆነው ግን ቆይቶ ይወልቃል። ሁለቱን አንድ ላይ መጣል አይገባም። የወንበር የፊት እግር 45 ሳንቲም ነው። በሁለት ጉጥ መካከል 50 ሳንቲም ንጹሕ ቦታ ካገኘሁ ጣውላው ለእኔ ሙሉ ነው፤ በርካሽም አገኘዋለሁ። ቅርንጫፍና ግንድ የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ እንደ እሳት ነበልባል ያለ መስመር ያወጣል። እንዲህ ያለ ቁራጭ ሳገኝ ለቡፌ በር እደብቀዋለሁ። ያረጀ ወይራም ውበቱ ያለው ጠመዝማዛው ላይ ነው። ጸሐፊው «አትንኩ» ያሉት የእንጨቱን ጌጥ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። «ርዝመት በስፋት በውፍረት አባዙና በዋጋው ምቱ» ይላሉ። ይህ ለሻጩ ሒሳብ ነው። ገዢ የሚያሰላው ከመላጊያ በኋላ የሚተርፈውን ነው።

የደንበኛዬ ጣውላ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 30 ሳንቲም፣ ውፍረቱ 5 ሳንቲም ነው። 0.06 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከዚህ እንቀንስ። በሁለቱም ጫፍ 40፣ 40 ሳንቲም ተሰንጥቋል። ይቆረጣል። መሃሉ ላይ የግንዱ እምብርት አለ። እምብርት የያዘ ጣውላ ሲደርቅ እዚያው ላይ መሰንጠቁ የተለመደ ነው። ስለዚህ 6 ሳንቲም ይወጣል። ነጩ 4 ሳንቲም ይወጣል። ስለተጣመመ ቀጥ እስኪል ሲላግ ውፍረቱ 4.2 ሳንቲም ይደርሳል። የቀረው 3.2 ሜትር በ20 ሳንቲም በ4.2 ነው። 0.027 ሜትር ኩብ አይሞላም። ከገዛችው ከግማሽ በታች ማለት ነው።

ወርክሾፔ ውስጥ 25 ሳንቲም ስፋት ያለው፣ ርዝመቱና ውፍረቱ እኩል የሆነ ሌላ ጣውላ አለ። 0.05 ሜትር ኩብ ነው። ደረቅ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ እምብርት የለበትም። ከሁለቱ ጫፍ 10፣ 10 ሳንቲም፣ ከስፋቱ 2 ሳንቲም፣ ከውፍረቱ 6 ሚሊ ብቀንስ 0.038 ይተርፈኛል። በሜትር ኩብ ዋጋቸው አንድ ቢሆን የእሷ በ20 በመቶ ይወደዳል። የሚሰጠው ሥራ ግን በ30 በመቶ ያንሳል። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለዚህ ነው። ሜትር ከማውጣታችሁ በፊት የጣውላውን ጫፍ እዩ። ቀለበቶቹ ክብ ሠርተው መሃላቸው ጣውላው ውስጥ ከወደቀ ዋጋ ቀንሱ ወይም ሂዱ። ቀለበቶቹ ከጣውላው ፊት ጋር ቀጥ ብለው የቆሙ ከሆነ ግን ያ ጣውላ ብዙ አይጣመምም። እሱን ጨመር አድርጌም እገዛዋለሁ።

አሁን ያመመኝ ቦታ ላይ ደርሻለሁ። «ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት ለማገዶ ነው» የሚለው።

በ2016 ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ በየቀኑ አልፍ ነበር። ያደግኩበት ሰፈር ነው። ሰዎች ዕቃቸውን ሲጭኑ ማየት ከባድ ነበር። ከፍርስራሹ ጎን እንጨት ተከምሯል። ብዙው የጭቃ ግድግዳ ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱ በእርግጥ ለማገዶ ቢሄድ አልከራከርም። ከመሃሉ ግን አንድ ወፍራም ምሰሶ ጥላሸት ለብሶ ወድቆ አየሁ። በቢላ ፋቅኩት። የጥድ ሽታ ወጣ። ያ ሁሉ ዓመት መሬት ውስጥ ቆሞ ምስጥ አልደፈረውም። ከማገዶ ጋር ሊጫን ነበር። ገዛሁት። ከዚያም ካዛንቺስ ሲፈርስ ሄድኩ። የወለል ጣውላ፣ የጣሪያ ማገር፣ የድሮ በር መቃን አገኘሁ።

እንዲህ ያለው እንጨት ዛሬ በገንዘብም አይገኝም። ቀስ ብሎ ያደገ የጫካ ዛፍ ነው። መስመሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከተማችን ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረውን ደን በልታዋለች። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ማገዶ ከመጥፋቱ የተነሳ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዋን ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። እነዚያ የድሮ ምሰሶዎች ከዚያ በፊት ከነበረው ደን የቀሩ ናቸው ብዬ ስይዛቸው እጄ ይከብደኛል። ከተማችን ውስጥ ያረጀ ጥድ ቆሞ ማየት የሚፈልግ ሰው ዛሬ ብዙውን ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይገባል።

ሥራው ቀላል ነው አልልም። ምስማር ተደብቆበታል። ማግኔት ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳስሱት፤ አንድ የዛገ ምስማር የመላጊያ ማሽን ስለት ይሰብራል። የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ አትፈትጉት። አቧራው ለሳንባም ለልጆችም አደገኛ ነው። ዝናብ የመታው ከሆነ እንደ ማንኛውም ጣውላ ይለካል። የጥድ ምሰሶ መሃሉ በስብሶ ባዶ ሊሆንም ይችላል፤ ሁለቱንም ጫፍ እዩና አንኳኩት። ይህን ሁሉ አልፎ የተረፈው ግን ለዓመታት ጠብቦና ሰፍቶ የተረጋጋ እንጨት ነው። ከዚያ ከዶሮ ማነቂያው ምሰሶ ለአንድ የሰፈሩ ተወላጅ ዴስክ ሠርቼለታለሁ። ሲቀበለኝ አሸተተውና ዝም አለ።

የመጨረሻው «ገዝታችሁ አስቀምጡ፣ እንደ ወርቅ ይጨምራል» የሚለው ምክር ነው። ወርቅ ነቀዝ አይበላውም። በትክክል ያልተደረደረ ጣውላ በአንድ ክረምት ይበላሻል። ኮሶ ለምሳሌ ቀይ፣ ውብ እንጨት ነው፤ ሳይታከም ካስቀመጣችሁት ግን በነፍሳት ይበላል።

ከዚያ በላይ ሕጉ አለ። ጽሑፉ ስለ ሕግ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ገና በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 አራት ዛፎችን ለይቶ ጠርቷል፦ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድ፣ ኮሶ። ከመንግሥት ደን እነሱን መቁረጥ ከልክሏል። ዛሬ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። ዋንዛ ሁሉ ሕገወጥ ነው ማለት አይደለም። ገበሬ በማሳው፣ ለቡናው ጥላ ብሎ ያሳደገውን አስፈቅዶ ቆርጦ ይሸጣል። ይህን ከሌላው የሚለየው የፈቃድ ወረቀቱ ነው። ወደ ውጭ አገር ሲላክ ደግሞ ሕጉ የበለጠ ጥብቅ ነው። ዞጲ የሚገኝበት የዳልበርጊያ ዘር በሙሉ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ፣ «ጥቁር እንጨት» የሚባለው ሌላው ዛፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። ጣውላቸው ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም። ዘመድ ዘንድ ውጭ አገር ዕቃ መላክ የምትፈልጉ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ።

ብርቅነት ዋጋ ያስጨምራል፣ አልክድም። ሰው ሁሉ እየገዛ ካስቀመጠ ግን የሚቆረጠው ዛፍ ይበዛል። ጫካው ውስጥ የቀረው ዋንዛ የእኛን መጋዘን ለመሙላት መውደቅ የለበትም። ጸሐፊው ይህን አንቀጽ ቢያርሙት በጣም ደስ ይለኛል።

ደንበኛዬን «ወረቀት ሰጥተውሻል?» አልኳት። አልሰጧትም። ተመልሳ ሄዳ ጠየቀች። ሻጩ ገንዘቧን አልመለሰም፣ ወረቀትም አላመጣም። እንዲህ ያለ እንጨት ሁለተኛ ላለመግዛት ተስማማን። የተገዛውን ግን መጣል አልፈለግንም። በእምብርቱ ላይ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ውኃው በጫፍ በኩል ፈጥኖ እንዳይወጣ ጫፎቹን በቀለም ደፈንኩ። ወርክሾፑ ጥግ፣ ፀሐይ በማይነካበት፣ ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ በየመሃሉ ሞራሌ እያስገባሁ አስተኛሁት። ጎኑ ላይ በጠመኔ ቀኑንና ክብደቱን ጽፌበታለሁ። በመጀመሪያው ወር 2 ኪሎ ቀነሰ። በሁለተኛው 1 ኪሎ ተኩል። መቀነስ ሲያቆም ጠረጴዛዋን እጀምራለሁ።